ለመንገድ የሚሆን ቤዝ

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቤዝ ጊታሩን እንድመልስ የነገሩኝ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነው። አልተቆጡኝም። ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁ፣ ከአባቴ ጋር ካምባ አብረው ያደጉት ሰው፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝና፦

«ልጄ፣ ሆቴል መጫወትሽን ከጌታ ጋር ተነጋገሪበት፤ እኛ አንገባበትም። ጊታሩ ግን ምእመኑ አዋጥቶ የገዛው ነው። ሆቴል አይውልም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። የመዘምራኑ መሪ ፈቅዶልኝ ነው የምወስደው፤ ፈቃዱ ግን ከእሱ በላይ እንደሆነ ሁለታችንም አላሰብንበትም። በማግስቱ ጊታሩን ከነሳጥኑ አስረክቤ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ገባሁ።

ያን ጊዜ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር፣ የዞኑ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው። ሥራዬ የመስኖ ቦይ መለካት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኩልፎ ወንዝ ዳር ባሉት የሙዝ ማሳዎች መካከል በቦቲ ጫማ ስዞር ከርሜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ እጫወታለሁ። ሦስት ነን። ሳክስፎን የሚነፉት ሰው ወጣትነታቸውን በጦር ሠራዊት ባንድ ያሳለፉ፣ በኋላ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ ወደ አርባ ምንጭ መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ድራም የሚመታው ደግሞ የእኔ እኩያ የሆነ የሙዝ ነጋዴ ነው። እሱም እንደ እኔ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ስለተማረው ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ሲያደርግ ጋሼ ሁልጊዜ ያርሙታል፤ እሱም ሁልጊዜ ይስቃል።

የምንጫወተው ጋሼ ያስተማሩንን ነው። የቆዩ ዜማዎችን በትዝታና በአንቺሆዬ ቅኝት ይጀምሩና በጃዝ መንገድ ወዲያና ወዲህ ያንሸራሽሯቸዋል፤ እኛ ከሥር እንከተላለን። አድማጮቻችን ሐይቁን ለማየት የመጡ እንግዶችና ለስብሰባ የተሰበሰቡ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ችግራችን መብራት ነበር። መብራት ሲጠፋ ሳክስፎኑም ድራሙም ይቀጥላሉ፤ የእኔ ጊታር ግን ከአምፖሉ ጋር አብሮ ድርግም ይላል። ጋሼ ነፋታቸውን ሳያቋርጡ በዓይናቸው ብቻ ወደ እኔ ያያሉ። እኔም ድምፅ የሌለውን ክር እየነካሁ መብራቱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

ጊታሩን የመለስኩ ጊዜ ሁለቱ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ጠርተውኝ ምን እናድርግ ተባባልን። እቁብ ወጥቶልኝ ስለነበር አዲስ ቤዝ ጊታር ለመግዛት አስቤ ነበር።

«ከገዛሽ አይቀር» አሉ ጋሼ፣ «መብራት የማይጠይቀውን ግዢ። ደብል ቤዝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እሱን በቴሌቪዥን ነው እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ ቆሞ ሲጫወት ሰምቼዋለሁ። ሌላ ቤዝ ቤዝ አይመስለኝም።»

ነጋዴው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በክንዱ የዕቃውን ቁመት ለካ። «እሱ ትልቅ ነች» አለ። «በምን ትጫናለች? ባጃጅ አትችልም። ጨንቻ ስንሄድስ?»

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። እኛን የሚጋብዘን ሰው ብዙውን ጊዜ ከከተማ ውጭ ነው። ጨንቻ ሠርግ፣ ኮንሶ የስብሰባ መዝጊያ፣ ሳውላ የትምህርት ቤት ምረቃ። የምንሄደውም በተገኘው መኪና ነው፤ አንዳንዴ በመሥሪያ ቤት ፒካፕ፣ አንዳንዴ በነጋዴው የሙዝ አይሱዙ። ከቆላው ሙቀት ተነስተን ሻይ ተፈልቶ በሚጠጣበት ጊዜ ውስጥ ጨንቻ ጉም ውስጥ እንገባለን። የሚገዛው ዕቃ ይህን ሁሉ መቻል አለበት፤ ዋጋውም ከእቁቤ ማለፍ የለበትም።

ጋሼ አዲስ አበባ ላሉ የድሮ ጓደኞቻቸው ደወሉ። ፒያሳ ጀርባ የአንድ የሞቱ ሙዚቀኛ ባለቤት የባላቸውን ደብል ቤዝ ሊሸጡ መሆኑን አንዱ ነገራቸው። ጋሼ ሟቹን በዝና ያውቋቸዋል። ፈቃድ ጠይቄ፣ ከጋሼ ጋር በአውቶቡስ ወጣን።

የሴትየዋ ቤት በግንብ አጥር የተከለለ የቆየ የቀበሌ ቤት ነበር፤ ሰፈሩ ለልማት ስለሚፈርስ የአጎራባቾቹ ጣሪያ ቀድሞ ተነቅሏል። እሳቸውም ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ዕቃቸውን እያሰሩ ነው። ቁመተ ረጅም፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ቤዙ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ግድግዳ ጥግ ቆሟል። ደረቴ ላይ እንደሚደርስ ነበር የገመትኩት፤ ከእኔ ይረዝማል። ቀለሙ እንደ ማር ነው። ፊቱም ጀርባውም ከወጥ እንጨት ተፈልፍሎ የተሠራ መሆኑን ነገሩን።

«ንኪው እንጂ» አሉኝ።

ወፍራሙን ክር በጣቴ ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት። ድምፁ ከጆሮዬ በፊት ሆዴ ውስጥ ነው የገባው። የመደርደሪያው ብርጭቆዎች ተንቀጠቀጡ፤ ድምፁም ቶሎ አልሞተም፤ እየሳሳ እየሳሳ ቆየ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር። ፊታቸውን ሳይ ሳንገዛው እንደማይወጡ ገባኝ። እኔም ብሆን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ዕቃ አልታየኝም።

ሴትየዋ ግን መጠየቅ ጀመሩ።

«የት ነው የምትኖሪው፣ ልጄ?»

«አርባ ምንጭ።»

«ሙቀት ነው አይደል? ከዚያስ? አንድ ቦታ ነው የምትጫወቱበት ወይስ ትዞራላችሁ?»

«እንዞራለን፣ እትዬ። ጨንቻ አለ፣ ኮንሶ አለ። አልፎ አልፎ ጂንካም እንሄዳለን።»

«በምን?»

ጋሼን አየሁ። ጋሼ መስኮቱን አዩ። «በተገኘው» አልኩ።

ሴትየዋ ተነሥተው ቤዙን በሁለት እጃቸው ያዙና ሕፃን እንደሚያዞር ሰው አዙረው ጎኑን ለብርሃኑ ሰጡት። ከላይ ያላየሁት ብዙ ስፌት ታየ፤ በኮላ ተጣብቀው በስስ እንጨት የተደገፉ ረጃጅም ስንጥቆች። በጣታቸው እየነኩ ስማቸውን ነገሩኝ።

«ይሄ ደሴ ነው፤ ብርድ ነው የሰነጠቀው። ይሄ ምጽዋ ነው፤ ሙቀት። ይሄ ጅማ፤ ከመኪና ላይ አልወደቀም፣ ምንም አልነካውም፣ ጠዋት ስንነሳ ተሰንጥቆ አገኘነው። ይሄኛው ሲሰነጠቅ እኔም አብሬ ነበርኩ፤ ባለቤቴ እንደ ሰው ነው ያለቀሰለት። ወጥ እንጨት ይተነፍሳል፤ አየር ሲቀየርበት ይነፋል፣ ይሸማቀቃል። ለአንቺ አልሸጥልሽም፣ ልጄ።»

ጋሼ ተቆጡ ማለት ይቻላል። «እሜቴ፣ ከአርባ ምንጭ ድረስ መጥተን?»

«ለዚህ ነው የማልሸጥላችሁ። ቅርብ ብትኖሩ ኖሮ እሸጥላችሁ ነበር።»

ገንዘቡን ይፈልጉት ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ያስታውቃል። ቢሆንም ቃላቸውን አላጠፉም። ቤዙን ከወራት በኋላ እዚያው አዲስ አበባ ለሚኖር፣ ከቤቱ ለማያወጣው ሰው እንደሸጡት ሰምቻለሁ።

እንዲህ ተስፋ ቆርጠን ልንወጣ ስንል፣ «ተቀመጡ» አሉን። «እሱ ሁልጊዜ ምን ይል እንደነበር ልንገራችሁ? ‹ለክፍለ ሀገር የሚሆን አንድ ኮምፔርሳቶ ቢኖረኝ› ይል ነበር። ስስ ስሱ እንጨት አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ በኮላ የተጣበቀ ነው። አንዱ ልሰንጠቅ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ዋጋውም ግማሽ አይሆንም። እኔ ድምፁን እሰማላችኋለሁ፤ ነገ አብረን እንሂድ።»

«ኮምፔርሳቶ የቁም ሣጥን ጀርባ ነው» አሉ ጋሼ መንገድ ላይ ስንወጣ። ማታውን እራት በልተን ስንለያይም ደህና እደሪ ያሉኝ በግማሽ አፋቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም የሙዚቃ ዕቃ ወደሚሸጥበት አንድ ሱቅ ሄድን። ከጊታሮቹና ከኪቦርዶቹ በስተጀርባ ሁለት ደብል ቤዞች ቆመው ነበር፤ ሁለቱም ከቻይና የመጡ። አንዱ ቀይና የሚያብረቀርቅ፣ ሌላው ቡናማና ደብዛዛ። ሻጩ ወጣት፣ ፈገግተኛ ነው።

«ሁለቱም ወጥ እንጨት ናቸው» አለን ገና ሳንጠይቀው።

ሴትየዋ ወደ ቀዩ ተጠግተው ፊቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ከንፈር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ና እስቲ፣ ልጄ። ይሄ ምንድን ነው?»

ሻጩ ጎንበስ አለ። እኔም አየሁ። የቀዳዳው ጠርዝ ላይ እንጨቱ አንድ ሳይሆን እንደ ደብተር ቅጠል ተደራርቦ፣ አንዱ ጠቆር አንዱ ነጣ ብሎ ይታያል።

«ወጥ ነው ካልክ ትተን እንሄዳለን» አሉት። «ኮምፔርሳቶ ነው ካልክ እንገዛለን።»

ሻጩ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ። ከዚያ ሳቀና፣ «እንግዲህ ኮምፔርሳቶ ነው» አለ። ዋጋውም በዚያው ወረደ።

የቀረው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበር። ሴትየዋ ወንበር ጠይቀው ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ፤ እያየሁ አላዳምጥም አሉ። ሁለቱን እያፈራረቅኩ ነካሁላቸው። ሁለቱም ከትናንቱ ጋር አይወዳደሩም። ድምፃቸው ወፍራም ቢሆንም አይቆይም፤ ድም ብሎ ያቆማል። እኔ በልቤ አዝኜ ነበር።

«ሁለተኛው ይሻላል» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ትንሽ እንደ ሣጥን ይላል፤ ግን ቶሎ ይናገራል፣ ተናግሮም ዝም ይላል። ለጃዝ ደግሞ ይኼ ክፋት የለውም። ድራሙ ሲፈጥን አይጨማለቅብሽም።»

ሁለተኛው ደብዛዛው ነበር። እኔም የራሴን ምርመራ አደረግኩ። ቦይ ስለካ ዓይኔን መሬት ላይ አስተካክዬ ዝንባሌውን እንደማየው፣ የሁለቱንም አንገት ከጫፍ ወደ ታች በአንድ ዓይኔ አየሁት። የቀዩ አንገት መሀሉ ላይ ጎድጎድ ብሏል፤ የደብዛዛው ቀጥ ያለ ነው። ጣት የሚያርፍበትን ጥቁር እንጨት በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ከቀዩ ላይ ቀለም ተነሳ። የደብዛዛው እንጨት ራሱ ጥቁር ነው። ክሮቹ በጣም ከፍ ብለው ስለነበር ሱቁ ውስጥ የሚሠራ ጠጋኝ ከሥራቸው የሚደግፋቸውን ብርኩማ እንዲሞርድልኝ አደረግኩ። ጋሼ ይህ ሁሉ ሲሆን የሳክስፎን አፍ መደርደሪያው ጋ ቆመው ሲመርጡ ቆዩ። የፈለጉት ያንን ወጥ እንጨት መሆኑን አውቃለሁ፤ የሚጫወተውም የሚሸከመውም ግን እኔ ነኝ። ደብዛዛውን ገዛሁ።

ሴትየዋ ከቤታቸው በእጃቸው የሰፉትን የሸራ ልባስ ሰጡኝ። ገንዘብ ስሰጣቸው እጄን መለሱት። «የኛው ከእንግዲህ መንገድ አይወጣም» አሉ።

አውቶቡስ ተራ ረዳቱ ቤዙን ሲያይ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ውስጥ አይገባም አለ። በመጨረሻ ፖርቶ መጋላ ላይ ከአልጋዎችና ከፍራሾች መካከል አጋድሞ አሰረው። ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው ጋዜጣ አነበቡ፤ ያንኑ ገጽ ደጋግመው።

ከቡታጅራ አልፈን ኬላ ላይ ፈታሾች አስቆሙን። አንዱ ሽቅብ አየና፣ «ያ ምንድን ነው?» አለ።

«ሙዚቃ መሣሪያ» አልኩት።

«አውርዱት።»

ወረደ። ልባሱን ፈታሁት። ፈታሹ በቀዳዳው ውስጥ በባትሪ አየ፣ ጎኑን አንኳኳ፣ ኮንትሮባንድ አጣበት። «በእርግጥ ይጫወታል?» አለኝ። ተሳፋሪው በሙሉ መስኮት ላይ ነበር። እኔ በእሱ ዜማ ተጫውቼ አላውቅም፤ አንገቱ ላይ እንደ ጊታር የብረት ምልክት የለውም፣ ድምፁን በጆሮ ነው መፈለግ። አንድ የመዝሙር ዜማ ፈልጌ አገኘሁ፣ ጠፋብኝ፣ እንደገና አገኘሁት። ከአውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት መዝሙሩን አነሳችልኝ። ሌሎች ተከተሉ። ፈታሹ እስከ መጨረሻው አድምጦ «ሂዱ» አለን። ጋሼ ጋዜጣቸውን አጥፈው ነበር፤ «ሦስተኛዋ ድምፅ ዝቅ ብላብሻለች» አሉኝ። ከሱቁ ከወጣን ወዲህ የተናገሩኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

ከሶዶ በኋላ ዝናብ ጣለብን፤ አርባ ምንጭ ስንገባ ሸራው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። ቤቴ ወስጄ ገልጬ አደረቅኩት። በነጋታው ጎኑን ጀርባውን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ የተነሳም የተከፈተም ነገር አልነበረውም።

መልመዱ ከመግዛቱ ይከብድ ነበር። ጣቶቼ ውኃ ቋጠሩ፣ ፈረጡ፣ ደነደኑ። መሥሪያ ቤት እስክሪብቶ ስይዝ ያመኝ ነበር። ጋሼ ማክሰኞና ሐሙስ ወደ ቤቴ እየመጡ በሳክስፎናቸው አንድ ድምፅ ይይዙልኛል፤ እኔ እሱን አንገቱ ላይ ፈልጌ አገኛለሁ። በዕቃው ላይ አስተያየት አይሰጡም፤ በእኔ ላይ ግን አይራሩም። ክረምቱ ወጥቶ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ስንመለስ የመጀመሪያው ቅዳሜ መብራት ጠፋ። እኛ አላቆምንም። ከእንግዶቹም የአምፖሉን መጥፋት ያስተዋለ ያለ አልመሰለኝም። ነጋዴው ግን አስተዋለ፤ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶኝ ድራሙን ጠበቅ አድርጎ መታው።

ጨንቻም ወሰድነው። ጉሙ ውስጥ ጋሼ ሳክስፎናቸውን በኮታቸው ሥር እያሞቁ ይቃኙ ነበር፤ ቤዙን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ጀመርኩ። ሲመሽ ሙዝ በተራገፈበት አይሱዙ ወደ ቆላው ወረድን። ጂንካ ሄደ፣ ኮንሶ ሄደ። ቀለሙ ተፋቀ፣ አንዷ መቃኛ ላላች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልደረሰበትም።

እህቴ ካምባ ላይ ስታገባ ግን እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ነበር። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በእኛ አገር ያ የዝናብ ወቅት ነው። ከጌሬሴ እንዳለፍን መንገዱ ቀልጦ የተሳፈርንበት መኪና ሰጠመ። ከሰፈሩ ሰዎች መጥተው ገፉ፤ አልወጣም። በእግር መሄድ ሆነ። ነጋዴው የሙዝ ግንድ እንደሚሸከም ቤዙን ጀርባው ላይ አዘለው። አንዲት ወንዝ ስንሻገር እግሩ ከድንጋይ ተንሸራተተና ፊት ለፊት ወደቀ፤ ቤዙ ከላዩ አልፎ ድንጋይ ላይ አረፈ። የተሰማው ድምፅ በር በኃይል ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት ነው።

«እኔን! እኔን ሰባብሮኝ ነበር የሚሻለው!» ይላል ነጋዴው ውኃ ውስጥ ተቀምጦ። ጉልበቱ ደምቷል፤ እሱ የሚያየው ሸራውን ነው።

ዳር አውጥተን ገለጥነው። ፊቱ ላይ፣ ከብርኩማው በታች፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጎድጉዶ የላይኛው ስስ እንጨት ተልጧል። ከሥሩ ያለው ግን ይዞታል፤ ስንጥቅ ወደ ውስጥ አላለፈም። ውስጥ ፊቱንና ጀርባውን ደግፋ የምትቆመው ትንሽ ምሰሶ ግን ወድቃ ትንኳኳለች። ጋሼ ተንበርክከው በጣታቸው መገጣጠሚያ ዙሪያውን አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ክሮቹን እናላላና ምሰሶዋን በሽቦ እናቆማታለን። ይሠራል» አሉ። ከዚያም ኮታቸውን አውልቀው በትከሻቸው ላይ አጠፉና የቤዙን የታች ጫፍ ራሳቸው ያዙ። እኔ አንገቱን ያዝኩ። እንዲህ ሆነን ገባን።

ዳሱ ተጥሏል፣ የአካባቢው መዘምራን ነጭ ለብሰዋል፣ ጄኔሬተሩ ግን እምቢ ብሎ አንድ ሰው ገመዱን እየጎተተ ያልበዋል። ኪቦርዱ ዝም ብሏል። የመዘምራኑ መሪ እኛን ሲያይ፣ «እናንተ ያለ መብራት ትችላላችሁ?» አለ። እንችላለን አልነው፤ ጋሼም ምሰሶዋን በሽቦ አቆሙልኝ። ለሙሽሮቹና ለወላጆች ድንጋይ ላይ በተደረደረ ሳንቃ መድረክ ተሠርቶ ነበርና፣ ከመሬቱ ጭቃ ለመሸሽ የቤዙን የብረት እግር እዚያው ሳንቃ ላይ፣ ጠርዙ ጋ ተከልኩት።

እናቴ ከኋላዬ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታማ ከተነሳች ወዲህ ጆሮዋ እየደከመ ሄዶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የሰውን አፍ እያየች ትዘምራለች እንጂ መዝሙሩን አትሰማውም። ስለዚህ ስለ እርሷ አላሰብኩም። ሙሽሪት ልትገባ ስትል ጋሼ ዜማውን አወጡ፣ ነጋዴው በሁለት በትር ቀስ ብሎ ገባ፣ እኔም ዝቅተኛውን መስመር ያዝኩ።

ትንሽ እንደሄድን ከኋላዬ እንቅስቃሴ ተሰማኝ። እናቴ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ባዶ እግሯን ሳንቃው ላይ ዘረጋችው። ቁልቁል እግሯን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ተነሥታ በመድረኩ ላይ መጣችና መዳፏን የቤዙ ጀርባ ላይ ለጠፈች። ጆሮው የደከመ ሰው ድምፁን መመጠን ያቅተዋልና፣ ዳሱ ሁሉ እስኪሰማ በጋሞኛ ጮኸች፦

«ይሄን እሰማዋለሁ! ልጄ፣ ይሄን እሰማዋለሁ!»

ሰው ሳቀ፣ አንዳንዱም አለቀሰ። እኔ ማቆም አልቻልኩም፤ ሙሽሪት ገና መግቢያው ላይ ናት። እናቴ እህቴ መድረኩ ላይ ደርሳ እስክትስማት ድረስ እጇን አላነሳችም። ጋሼ ይህን አይተው ዜማውን ደግመው ከመጀመሪያው አነሱት።

በማግስቱ መኪናው ከጭቃ ወጥቶ ጋሼና ነጋዴው ተመለሱ። እኔ የዓመት ፈቃድ ስለነበረኝ ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት እናቴ በረንዳ ላይ ዱካዋን ከቤዙ ጀርባ ታስጠጋና ጀርባዋን አስደግፋ የሽፈራው ቅጠል ትቀነጥሳለች፤ እኔ ከፊት ሆኜ እነካለሁ። የምትፈልገውን መዝሙር ስሙን ትጠራለች። መጀመሪያ መሪ ልሆንላት ሞከርኩ፤ አልሆነም። የምትሰማው ትርታውን እንጂ ዜማውን አይደለም፤ ስትዘምር ከድምፁ ትወጣለች። ስለዚህ ተውኩትና እኔ እሷን መከተል ጀመርኩ። ወደ ላይ ስትወጣ እወጣለሁ፣ ስትወርድ እወርዳለሁ፣ መሀል ላይ ረስታ የጎረቤት ወሬ ስትጀምርም አንዲቷን ክር ቀስ እያልኩ እየነካሁ እስክትመለስ እጠብቃታለሁ።